ገበር የለበሰችው ኦርኪድ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቀጮ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኔ ከእጄ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። አንተንም በሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ የምትጠግናቸው ሊፍቶችም አንተ ውስጣቸው እያለህ አይቁሙብህ።

ስልክ አያነሱም ብለህ እንዳታማኝ። ጆሮዬን ታውቀዋለህ፤ በስልክ የምሰማው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እኔው ነኝ የምፈጥረው። ባለፈው አንተ "ብርድ ነው" ስትለኝ እኔ ታመመ ብዬ ሦስት ቤት አዳረስኩት። ስለዚህ በወረቀት እናውራ።

የእጄን ነገር ሰምተሃል መሰለኝ። የጨርቅ ጣቃ ከላይኛው መደርደሪያ ላወርድ በርጩማ ላይ ወጥቼ ወደቅሁ፤ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጄሶው ወጥቷል፤ ጣቶቼ ግን የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዝ ብለውኛል። መቀስ መያዝ አቃተኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት መቀስ ካልያዘች ምን ትይዛለች?

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ባለፈው እሑድ አባትህ ምሳ ጠሩኝ። ጋሼ ምሳ ከጠሩ የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ገና ወንበር ሳልይዝ፣ "የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀብቼልሻለሁ፤ ፀሐይ ይገባዋል። የሱቁ ውል ሐምሌ ላይ ሲያልቅ አታድሺው፤ እኛ ጋ ትገቢያለሽ" አሉኝ። ሱቄ ማለት ቤቴ ነው፤ ከፊት እሰፋለሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እተኛለሁ። ግን እንደ አባት ሆነው ያሳደጉኝን ሰው ፊት ለፊት እንዴት እምቢ ልበል?

ተቀመጪ ቢሉኝም ሳህን ላነሳ ኩሽና ስገባ፣ እናትህ ጡረታ ስትወጣ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ያቺ ኦርኪድ ከቆሻሻው ቅርጫት አጠገብ ተቀምጣለች። አበባዋ ረግፎ፣ ቅጠሎቿ እንደ አሮጌ ካልሲ ተልፈስፍሰው። ይዣት ወጣሁና "ይህቺን ምን አደረጋችኋት?" ብል ጋሼ ሳቁ። "ሞታለች። እሷን ካስነሳሽማ አንቺም ብቻሽን መኖር ትችያለሽ!"

ከአፋቸው ለቀም አደረግሁት። "ውሉ እስኪያልቅ ካበበች ሱቄን አይነኩብኝም?"

"አልነካም። ካላበበች ግን ዕቃሽን ራሴ መጥቼ እጭናለሁ።"

እናትህ ምስክር ናት። እንግዲህ እኔ ስለ ኦርኪድ የማውቀው ጨርቅ ላይ ታትሞ ያየሁትን ብቻ ነው። አንተ ያለህበት አገር አበባ ቤት አይጠፋም፤ ጠይቅልኝ። ነገ ዛሬ አትበል።

እትዬህ


ኅዳር 2

ለውድ እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ ቶሎ ይፈታልዎ፤ ጣቶችዎም ወደ ቀድሞ ጌታቸው ይመለሱ። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ብቻ ነው፤ አልታመምኩም፤ እባክዎ ለማንም አያዳርሱብኝ።

እድለኛ ነዎት። ሊፍቱን በየጊዜው የምጠግንበት አንድ ሕንፃ አለ፤ ምድር ቤቱ አበባ ቤት ነው። ግራሶ በነካው እጄ ዘው ብዬ ስገባ ሻጯ "ምንም ነገር እንዳትነካ!" ብላ ጮኸችብኝ። ደብዳቤዎን በቋንቋዋ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችና "ውሃ ሲያጠጧት፣ ሲያጠጧት ነው የገደሏት" አለች። ኦርኪድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትኖር ናት አሉ፤ አፈር ውስጥ ከተቀበረች ትታፈናለች።

እንዲህ ያድርጉ ብላለች። ከዕቃዋ ያውጧት። የበሰበሰውን ሥር በሙሉ፣ ሳይራሩ፣ እሳት ባየ መቀስ ይቁረጡ። የተቆረጠው ላይ የቀረፋ ዱቄት ይነስንሱ። ከዚያ በዛፍ ቅርፊት ይትከሏት። ቅርፊቱንና ጎኑ ቀዳዳ የሆነ ዕቃ በጥቅል ልኬያለሁ። ቅርፊቱን የመረጠችው እሷ ናት፤ እኔ የመረጥኩትን መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረችው።

እስከ ሐምሌ ታብባለች ወይ ብያት ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች። እኔ ግን እርስዎን አውቃለሁ።

ልጅዎ፣ ቀጮ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለቀጮ፤

እንደምን አለህልኝ? ጥቅሉ ደረሰኝ፤ የላከም ያስላከም እጅ ይባረክ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ከፍታ አይታ "የዛፍ ቅርፊት? ከውጭ አገር?" ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "መድኃኒት ነው" አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም።

ሳወጣት ሥሯ ቡናማ ነው፤ ጫን ሲሉት ውሃ ይተፋል። መቀሱን እሳት አሳይቼ በግራ እጄ ጀመርኩ። ግራ እጄ ሰነፍ ነው፤ ደህናውንም ከበሰበሰው ጋር ሊያጭደው ሆነ። ቀኙን ጠራሁት። አመመኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቢሆንም መቀሱ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ደግሞ ተከፈተ። ከወደቅሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ በመስኮት የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየኝ።

አሁን ስለ ዕቃዋ ልንገርህ፤ ኮርቼበታለሁና። ያ የላክኸው ነገር ጎኑ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ቅርፊቱን ስጨምርበት ይፈሳል። እንዲህ ያለ ዝርክርክ ነገር አልወድም። እኔ ገበር ያላለበስኩት ልብስ ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም፤ ያንተ የትምህርት ቤት ሱሪ እንኳ ገበር ነበረው፣ ልጆቹ ቢስቁብህም። ስለዚህ ከወፍራሙ ገበር ቆርጬ፣ ዙሪያውን በእጄ ወስውሼ፣ ዕቃውን ከውስጥ አለበስኩት። ስፌቱ ትንሽ ይጣመማል፤ ግን በቀኝ እጄ ነው። አሁን ቅርፊቱም አይፈስ፣ ሥሩም አይበርደው። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተጠበብኩም።

ለአበባ ሻጯ ይህን ንገርልኝ። ትደሰታለች። ደግሞ ስለ እሷ አንድ ነገር ጨምረህ ጻፍ፤ ሰው ወሬ ከጀመረ ይጨርሳል።

እትዬህ


ጥር 25

ለተከበሩ አክስቴ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። መልስ የዘገየብዎ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ሱቁ ጉዳይ ሳስብ ቆየሁ። ጤናዎ ከሱቅ ይበልጣል። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ከቤተሰብ ጋር መሆን መልካም ነው። የአባባ ቤት ሰፊ ነው፤ ክፍሉም ፀሐይ ይገባዋል። ተክሏንም እዚያው ይዘዋት ሊገቡ ይችላሉ። በሰከነ አእምሮ እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 17

ቀጮ፤

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ንዴቴ ይውጣልኝ።

"አክባሪዎ" ማነው? ከመቼ ወዲህ ነው አንተና እኔ "በሰከነ አእምሮ" የተባባልነው? ልብስ ሰፊ መሆኔን ረሳኸው መሰለኝ። ኮት ለማን ትከሻ እንደተቆረጠ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ለጋሼ ትከሻ የተቆረጠ ነው፤ አንተ ለብሰኸው መጣህ። "ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል" ያልከውማ ቃል በቃል የእሳቸው ነው። ስለ ገበሩ ትንፍሽ አላልክም። አበባ ሻጯም ድራሿ ጠፋ።

ሌላም አለ። ሰንበት ብሎ ሱቁ የሆነ ነገር ይሸተኝ ጀመር። ቧንቧ ነው ብዬ ሠራተኛ አስጠራሁ፤ ወለሉን ሊቆፍር ሲል ነው ያስቆምኩት። የሸተተችው እሷ ናት። ገበሩ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቅርፊቱን አሻግቶታል። ስጎትታት አንዱ ቅጠል እጄ ላይ ቀረ። ከሥሯ ሁሉ የተረፈው አንድ ነው፤ የእርሳስ ስባሪ ያህላል። አየህ፣ ከቆሻሻ ቅርጫት ያተረፍኳትን ተክል አልብሼ ልገድላት ነበር። ገበሩን በላይ በላዩ ተርትሬ ጣልኩትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያለቀስኩት ለራሴ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ እኔ ሰው ነኝ፤ "እትዬ፣ ይቺን አስተካክሉልኝ" እያሉ ይገባሉ። ጋሼ ቤት እንግዳ ነኝ። ደግ ቤት ነው፣ ይወዱኛል፤ ግን ሳህን እንኳ እንዳነሳ አይፈቅዱልኝም። ጠዋት ተነስቼ ማንም የማይፈልገኝ ቦታ ከምቀመጥ ብወድቅ ይሻለኛል።

ምክርህን አልፈልግም። አበባ ሻጯን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ፤ አንድ ሥርና ሁለት ቅጠል የቀራት ኦርኪድ ትድናለች?

ሰላምታዬ ይኸውልህ፤ ደህና ሁን። በደንብ ብላ።

እትዬህ


የካቲት 28

እትዬዬ፤

ደብዳቤዎን ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ጆሮዬ እስኪግል። ልክ ነዎት፤ ኮቱ የአባባ ነው። "እንደገና ብትወድቅ ማን ያነሳታል?" ብለው ጻፉልኝ። አባባ እንዲህ ፈርተው ሲጽፉ አይቼ አላውቅም፤ እኔንም ፍርሃቱ ያዘኝ። ትናንት ግን ለእሳቸውም ጻፍኩ፤ "በእናንተ ውርርድ መሃል ዳግመኛ አታስገቡኝ፤ ከገባሁም በእትዬ በኩል ነው" አልኳቸው። ደህና ኮት ነው፤ ለእኔ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ አበባ ቤት እንሂድ። የገበሩን ነገር ሳነብላት እቅፍ አበባ እያሰረች ነበር፤ ሪባኑ ከእጇ ወደቀ። "ገበር? ለኦርኪድ?" ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ስለ ልቅሶዎ ያነበብኩላት ጊዜ ሳቋ ቆመ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንድ ሥር ካለማ ሕይወት አለ" አለች። "እኔም የመጀመሪያዎቹን ኦርኪዶቼን በሙሉ ፈጅቻቸዋለሁ፤ ንገራቸው።"

ሥሯ አየር ትፈልጋለች፣ ብርሃንም ትፈልጋለች። ውሃ ሲነካት ጠጥታ ወዲያው መድረቅ አለባት። ስለዚህ ውሃ የሚይዝ ነገር አይቀፋት። እንደ ወንፊት ያለ ነገር ውስጥ ይስቀሏት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይተዉአት። "መተው ለአክስትህ ከባድ እንደሚሆን ገብቶኛል" ብላለች። አይታዎት የማታውቅ ሴት እንዲህ ስታውቅዎ ገረመኝ።

የእርስዎው ቀጮ


ሚያዝያ 30

ይድረስ ለቀጮ፣ ለቀድሞው፤

እንኳን ወደ ራስህ ልብስ ተመለስክ! ጤናህ ይብዛ፤ ብርዱም ይቅለልልህ።

ውሃ የማይዝ፣ አየር የማይከለክል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ! ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ከወንበሬ ተነሳሁ። ቱል ነዋ! ዕድሜዬን ሙሉ በሙሽሮች ራስ ላይ ስከምረው የኖርኩትን ነገር ረስቼ ገበር ፍለጋ መሄዴ! ከአንድ ቬሎ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ። እንደ ከረጢት ሰፋሁት፤ አፉን ቀመቀምኩለት፤ ቅርፊቱን ከጥቂት ከሰል ጋር ሞልቼ እሷን አስቀመጥኳት። ማንጠልጠያ ስላጣሁ መስኮቱ አጠገብ በምትቆመው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ትከሻ ላይ ሰቀልኳት። በማግስቱ አንዲት ሴት ገብታ "ይህ ከቅጠል ጋር ያለው ቦርሳ ስንት ነው?" አለችኝ። ሌላ ለመስፋት ተመኘሁ።

ከዚያ ተውኳት። እመነኝ፣ ከእጄ መሰበር ይልቅ ይህ ነው የከበደኝ። ውሃ መርጫውን አነሳና መልሼ አስቀምጣለሁ፤ እጄ ሥራ ስለሚፈልግ የጎረቤት መጋረጃ እቀመቅማለሁ። መጀመሪያ መርፌው ይወድቅብኝ ነበር። አሁን አይወድቅም። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ልጅ ቀሚስ ሙሉውን ሰፍቼ አስረከብኩ፤ ልጅቷም እንደማንም ለብሳው ሄደች፤ ምን እንደያዘች አታውቅም።

እሷስ? ሥር አውጥታለች! በቱሉ ቀዳዳ ብቅ ያለ፣ ጫፉ አረንጓዴ፣ ወፍራም ሥር። አዲስ ቅጠልም አለ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ከቅጠሉ ሥር ሌላ ነገር ወጥቷል። ሥር ቢሆን ወደ ታች ይሄድ ነበር፤ ይህ ወደ ላይ ነው የሚያቀናው፤ ጫፉ የሕፃን ጓንት ይመስላል። ምንድን ነው? ጠይቅልኝ።

ለጋሼ ጣቃዎቹን በሙሉ ወደ ታችኛው መደርደሪያ እንዳወረድኳቸው፣ በርጩማውንም ለጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ እንደሰጠሁት ነግሬያቸዋለሁ። ፍርሃታቸውን ስላወቅሁ ነው። እሳቸው ግን "አበባው የታለ?" ነው ያሉኝ።

አሁን ቅርፊት አልፈልግም። የአበባ ሻጯን የትከሻና የወገብ ልክ ላክልኝ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ደብዳቤህ ውስጥ ከኦርኪዷ ይልቅ የምትበዛው እሷ ናት፤ እኔ ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው።

እትዬህ


ግንቦት 19

እትዬ!

የአበባ ዘንግ ነው! የሕፃን ጓንት ያሉትን ሳነብ አበባ ሻጯ ጮኸች፤ ደንበኞች ሁሉ ዞረው አዩን። "አበባ ልታወጣ ነው! ከእንግዲህ እንዳያዞሯት፣ እንዳያንቀሳቅሷት፣ ብርሃን ባየችበት በኩል ትቁም!" አሻንጉሊቷንም አያንቀሳቅሷት ማለት ነው።

ልኳን በተመለከተ። ሜትር ይዤ ሄጄ "አክስቴ ጠይቀው ነው" ስላት ፊቷ ቀላ። "አክስትህ ሁሌ እንዲህ ናቸው?" አለች። "ሁሌ" አልኳት። ትከሻዋን ስለካ ሜትሩን ገልብጬ ስለያዝኩት ልኩን ራሷ አርማ ጽፋዋለች፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እሑድ አብረን ምሳ እንበላለን። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቀጮ


ሐምሌ 26

ይድረስ ለቀጮና አጠገቡ ቆማ ለምትሰማው፤

ሁለታችሁንም ጤና ይስጣችሁ፤ እጃችሁ የነካው ሁሉ ይለምልም። እኔ ደህና ነኝ። እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ዘንጉ ላይ እምቡጦች ተደርድረው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አንዱ ረገፈና ልቤ አብሮ ወረደ። የቀሩት ግን እንደ ጡጫ ተጨብጠው አልከፈት አሉ። የውሉ ቀን ጠዋት ጋሼ ካርቶን ተሸክመው መጡ። ባዶ ካርቶን ነው፤ የእኔ ዕቃ ሊጫንበት። እምቡጡ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ብሎ ትንሽ ነጭ ያሳያል። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። "ይህ አበበ ይባላል?"

"ቀኑ አላለቀም" አልኩ።

"እጠብቃለኋ!" አሉና ካርቶናቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ ቀጮ። እኔ ደግሞ ሥራ አለኝ። አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም አመጣች፤ ለካሁ፣ ቆረጥኩ። አንድ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፤ ተንበርክኬ በእስፒል ያዝኩለት። ፀጉር አስተካካዩ በሩን ገርበብ አድርጎ "እትዬ፣ ዛሬ ድምፅዎን አልሰማሁም፤ ደህና ነዎት?" አለ። በየቀኑ እንዲህ ይላል። ጋሼ ይህን ሁሉ አዩ። ከሰዓት በኋላ አንገታቸው ደፋ ብሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከእንቅልፋቸው የቀሰቀስኳቸው እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ ይነሱ፤ ይዩ።"

ተከፍታ ነበር። ነጭ ናት፤ መሃሏ ወይን ጠጅ የተረጨበት ይመስላል። ጋሼ ተነስተው ተጠግተው አዩአት። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆምኩ፤ ጉራዬ ጣሪያ ነክቷል፤ አልደብቅህም።

"እኔ እኮ ወድቀሽ ብቻሽን ብትቀሪ ብዬ ነው" አሉኝ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ግን እዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ሲያዩ ዋሉ አይደል?"

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አከራዩ ሲመጣ ምስክር ሆነው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። እኔ በቀኝ እጄ ፈረምኩ። ካርቶኑን "ለቁርጥራጭ ጨርቅ ይሆንሻል" ብለው ትተውልኝ ሊወጡ በሩ ላይ ደረሱና ቆሙ። ተመልሰው መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"እጅጌው ረዝሞብኛል" አሉኝ።

ሜትሬን አወጣሁ። እጃቸውን ዘርግቼ ከትከሻ እስከ አንጓ ለካሁ፤ የኮቱንም እጅጌ ለካሁ። እጅጌው አንድ ጣት እንኳ አልረዘመም፤ ልካቸው ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"እውነትዎን ነው፤ ረዝሟል" አልኳቸው።

"መቼ ልምጣ?"

"ወረፋ አለ ጋሼ። ሐሙስ ይምጡ።"

እትዬህ፣ ልብስ ሰፊዋ